ኩርባ ላይ የበረታ፣ አፈር ሥራ ላይ የቸኮለ የመንገድ ቅየሳ ሥልጠና

ለረጅም ጊዜ የሠራሁት የሕንፃ ቅየሳ ነው። ሕንፃ ባለበት ይቆማል፤ መንገድ ግን ኪሎ ሜትሮችን ስለሚጓዝ አንድ ቦታ ላይ የገባች ስሕተት ከመስመሩ ጋር አብራ ትሄዳለች። ለጀማሪዎችና እንደ እኔ ከሌላ ዘርፍ ለሚመጡ ቀያሾች በተዘጋጀው የአሥር ቀን የመንገድ መስመር ቅየሳ ሥልጠና ላይ የተመዘገብኩትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ከቅድመ ዳሰሳ እስከ ግንባታ ችካል ተከላ ያሉትን ደረጃዎች ያስተዋወቀ ሲሆን፣ በማንኛውም መማሪያ የሚገኝ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። አሠልጣኙ የኤሌክትሪክ መስመር ምሰሶ ላይ ማዕዘን ሰብሮ መታጠፍ ሲችል መንገድና ባቡር ግን ያለ ኩርባ መታጠፍ እንደማይችሉ በማስረዳት ወደ ዋናው ጉዳይ መግባታቸውን ወድጄዋለሁ።

ለሥልጠናው የከፈልኩት ገንዘብ የተመለሰልኝ በኩርባው ክፍል ነው። ማዕዘንና ርቀት የሚለካውን መሣሪያ፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ ሳንነካ ሁለት ቀን ሙሉ በካልኩሌተር ብቻ ሠራን። ምሳሌያችን ራዲየሱ 300 ሜትር፣ የመታጠፊያ ማዕዘኑ 40 ዲግሪ የሆነ ኩርባ ሲሆን፣ ሁለቱ ቀጥታ መስመሮች የሚገናኙበት ፒአይ በ1+250.00፣ ማለትም ከመነሻው 1250 ሜትር ላይ ይገኛል። ታንጀንቱ፣ ማለትም ከኩርባው መጀመሪያ እስከ ፒአይ ያለው ቀጥታ ርቀት፣ 109.19 ሜትር ስለሚሆን ኩርባው የሚጀምርበት ፒሲ 1+140.81 ላይ ይወድቃል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማማን። ኩርባው የሚያበቃበትን ፒቲ ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን፣ እኔም ጭምር፣ ፒአይ ላይ ታንጀንቱን ደምረን 1+359.19 አልን። መንገዱ የሚሄደው በኩርባው ላይ ስለሆነ መደመር የነበረብን ፒሲ ላይ የኩርባውን ርዝመት፣ 209.44 ሜትርን ነበር፤ ትክክለኛው መልስ 1+350.25 ነው። የ8.94 ሜትሩ ስሕተት ከዚያ ወዲያ ወዳለው ስቴሽን (ከመነሻው በርቀት ወደተለካ ነጥብ) ሁሉ ስለሚተላለፍ ቱቦ የሚቀበርበት ቦታ ሳይቀር ይሸሻል። አሠልጣኙ ወዲያው አላረሙንም፤ በማግስቱ ሜዳ ላይ በየ20 ሜትሩ ችካል አስተክለው ኩርባውን በሜትር አስለኩን። ፒሲ ላይ ሆነን ከታንጀንቱ አቅጣጫ የምንለካቸው የዲፍሌክሽን ማዕዘኖች ፒቲ ላይ ሲደርሱ የመታጠፊያውን ግማሽ፣ 20 ዲግሪን፣ ካልሰጡ ስሌቱ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል ማለት እንደሆነም ያስጨበጡን ያኔ ነው። ሁሉን ለሶፍትዌር የተወ ቀያሽ ይህን ማረጋገጫ አያገኘውም።

ከፍታ በሚለካው መሣሪያ፣ በሌቭሉ፣ ክፍል ግን ቅሬታ አለኝ። ከቤንች ማርክ (ከፍታው ከሚታወቅ ቋሚ ነጥብ) ተነስቶ ወደዚያው የሚመለስ የ1.2 ኪሎ ሜትር ዙር ሠርተን የመዝጊያ ስሕተታችን፣ ማለትም ስንመለስ ያገኘነው የከፍታ ልዩነት፣ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ፤ የተሰጠን ወሰን የኪሎ ሜትሩ ስኩዌር ሩት በ12 ሚሊ ሜትር ተባዝቶ፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ስታፉን፣ ማለትም በሌቭሉ የሚነበበውን ባለ ቁጥር ዘንግ፣ የያዘውን ልጅ ስንወቅስ ከዋልን በኋላ ሌቭሉን በ60 ሜትር ርቀት በተተከሉ ሁለት ችካሎች መካከል፣ ቀጥሎም አንዱ ችካል አጠገብ አቁመን ስንፈትሸው የ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት አሳየ። የኋላና የፊት ንባባችንን ርቀት እኩል አድርገን ቢሆን ኖሮ ይህ ጉድለት እርስ በርሱ ይጣፋ ነበር፤ እኛ ግን ለመፍጠን ስንል የኋላውን 35፣ የፊቱን 65 ሜትር እያደረግን ሄደናል። ጥፋቱ የእኛም ቢሆን መሣሪያ ሳይፈተሽ ለሠልጣኝ መስጠት አይገባም፤ ልጁንም በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቀነዋል።

የባሰው ድክመት የመጨረሻው ቀን ነው። ዳገትና ቁልቁለትን የሚያያይዘው ቬርቲካል ኩርባ፣ ክሮስ ሴክሽን (መንገዱ በአግድም ሲቆረጥ የሚታየው ገጽ)፣ የአፈር ቆረጣና ሙሌት ሁሉም በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጨናንቀዋል። የአፈሩን መጠን ለማግኘት የሁለት ክሮስ ሴክሽኖችን የገጽ ስፋት አማካይ በመካከላቸው ባለው ርቀት የሚያባዛው ቀመር ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ታለፈ። ቆረጣው ወደ ዜሮ እየጠበበ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ቅርጹ እንደ ፒራሚድ ከሆነ ትክክለኛው መጠን የስፋቱና የርዝመቱ ብዜት ሲሶ ነው፤ ቀመሩ ግን ግማሹን ስለሚሰጥ ከእውነቱ በ50 በመቶ ይበልጣል። ክፍያ በሜትር ኩብ በሚታሰብበት ሥራ ይህ ሳይነገር መታለፉ አሳዝኖኛል።

ቶታል ስቴሽን አቁሞ ማንበብ ለሚችል፣ ኩርባ ግን ለሚያስፈራው ሰው ሥልጠናውን ሳላመነታ እመክራለሁ። የአፈር ሥራ መጠን ለማስላት የሚፈልግ ግን ሌላ ቦታ ይፈልግ፤ ካልሆነም አዘጋጆቹ ያን ከሰዓት በኋላ ወደ ሁለት ቀን እስኪያሰፉት ይጠብቅ።