የጅማ ገበያ ለአንጀት ምን አለው? ከቦሎቄ እስከ ቡላ

«ለአንጀት ጤና» ተብሎ በቆርቆሮ የታሸገ የውጭ ዱቄት ከመግዛት በፊት ሐሙስ ሂርማታ ገበያን አንድ ዙር መዞር ይሻላል። ፕሪባዮቲክ የሚባለው ነገር ጅማ ውስጥ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። ነገር ግን ሁሉም እኩል አይደለም፤ ጥሩውም ቢሆን አመራረጡና አበሳሰሉ ካልታወቀ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ፕሪባዮቲክ ማለት የሰው ሆድ ራሱ ሊፈጨው የማይችል፣ ትንሹን አንጀት አልፎ በትልቁ አንጀት ለሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ቀለብ የሚሆን ነገር ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሉት ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይወጣል፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች በዋናነት የሚመገቡት ይህንን ነው። እርጎ ከዚህ ይለያል፤ እርጎ ባክቴሪያውን ራሱን ይዞ ይገባል። እንጀራም ቢቦካ እንኳ ምጣድ ላይ ሲጋገር ባክቴሪያው ስለሚሞት «ሕያው ባክቴሪያ አለው» ብሎ መቁጠር ስህተት ነው።

በዋጋው ልክ ብዙ የሚሰጠው ቦሎቄ ነው፤ አንደኛ ነው ብንል አናጋንንም። ራፊኖስና ስታኪዮስ የተባሉ ስኳሮች አሉት፤ እነዚህን ለመፍጨት የሚያስፈልገው ኢንዛይም ሰው ሆድ ውስጥ የለም። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ቦሎቄ ከ6 ግራም ያላነሰ አሰር (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ ፋይበር) ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል። ሲገዙ ከጆንያው አናት ብቻ አይዩ፤ እጅዎን ከተው ከመካከሉ ዘግነው መዳፍዎ ላይ ይበትኑት። ቆዳው የሚያብረቀርቅና ያልተጨማደደ ከሆነ የቅርብ ምርት ነው። የነቀዝ ቀዳዳ ወይም ነጭ ብናኝ ካለው ይለፉት። ያረጀ ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም ውስጡ ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ከሰሉን ይወቅሳል እንጂ ችግሩ እህሉ ነው።

አንዱን እጅ ቦሎቄ በሦስት እጅ ውሃ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፣ የዘፈዘፉበትን ውሃም ይድፉት። ከስኳሮቹ ጥቂቱ አብሮ ይሄዳል፣ የሆድ መነፋቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የቀረው ለባክቴሪያዎቹ ይበቃል። ቀይ ቦሎቄ ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደንብ ካልተቀቀለ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን አለው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ስለምትበልጥ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በጠንካራ እሳት ቢያንስ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ ይፍላ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሰው እስኪለሰልስ ይጠብቁ። በደካማ ከሰል ሳይፈላ ለሰዓታት ለብ ብሎ የቆየ ቀይ ቦሎቄ ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ቲማቲምና ሎሚ የሚገባው ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ አሲድ ቀድሞ ከገባ ቆዳው ይደርቃል።

ሁለተኛው ምርጫ ድፍን ምስር ነው፣ ክክ ሳይሆን። የክኩ ቆዳ ተገፎ ስለወጣ ከአሰሩ የተወሰነው አብሮ ሄዷል። ድፍኑን ለአዚፋ ይግዙት፤ ለዚህ ጉዳይ ከአዚፋ የተሻለ ምግብ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ኩባያ ምስር ሳይፈርስ ተቀቅሎ ይቀዝቅዝ፤ ከስታርቹ (ዱቄታማው ክፍል) የተወሰነው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠነክርና ለመፈጨት ያስቸግራል፣ ለባክቴሪያዎቹም ይተርፋል። ከዚያ አንድ መካከለኛ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው፣ ሰናፍጭ፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ትንሽ ዘይት ይጨምሩበት።

ስለ ሽንኩርት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን በተባለው አሰር የከበረ ነው፣ ግን አንድ ፍንካች ጥቂት ግራም ብቻ ስለምትመዝን የሚገባው ትንሽ ነው። ቀይ ሽንኩርት መጠኑ አነስ ቢልም እኛ ወጥ ስንሠራ በሳህን ስለምንጨምረው ብዙውን ድርሻ የሚሸፍነው እሱ ነው። ቁሌቱ ሲጠቁር ግን ከፍሩክታኑ የተወሰነው ይበላሻል፤ ለስልሶ ወርቃማ ሲሆን ይበቃዋል። ፍሩክታን በውሃ ስለሚሟሟ ከፊሉ ወደ መረቁ ይገባል።

ጎደሬም ከምርጫዎቹ አንዱ ነው፤ በጅማ ዙሪያ በብዛትና በርካሽ ይገኛል። ሲላጥ እጅ ደረቅ ይሁን ወይም ዘይት ይቀባ፤ በእርጥብ እጅ ከተላጠ ውስጡ ያሉት መርፌ መሰል የኦክሳሌት ቅንጣቶች ያሳክካሉ። ቢላ ያለ ችግር እስኪያልፈው ይቀቀል፣ ከዚያ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ ቢያሞቁትም ሲቀዘቅዝ የጠነከረው ስታርች አብዛኛው አይጠፋም።

ሙዝ ጫፉና እንጨቱ ገና አረንጓዴ ሳለ ይመረጥ። ነጠብጣብ ያለበት ጣፋጭ ነው፣ ስታርቹ ግን ወደ ስኳር ተለውጧል። በሶ ከሙሉ ገብስ ከተፈጨ ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር ይሰጣል፤ የከሰለ ሽታ ያለውን ወይም ስኳር የተቀላቀለበትን ይተዉት።

ቡላን በተመለከተ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ለደካማ፣ ለአራስ፣ ለታማሚ ጉልበት ይሰጣል፤ ለዚያ ዋጋ አለው። ግን ከእንሰቱ ተጨምቆ የወጣ ንጹህ ስታርች በመሆኑ አሰር ለሚፈልግ ከገበያው የመጨረሻው ምርጫ ነው። ቆጮ ከሱ ይሻላል፤ ቃጫው እስከ መጨረሻው ያልተለቀመለትን ይምረጡ።

በቆርቆሮ የታሸገው የኢኑሊን (ከፍሩክታን ወገን የሆነ አሰር) ዱቄት አንድ ዓይነት አሰር ብቻ ነው፤ ቦሎቄ፣ ሽንኩርትና ገብስ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚሰጡትን ልዩነት አይተካም። ለገዛው ሰው ደግሞ በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ይጀምር እንጂ አንድ ማንኪያ ሙሉ አይውሰድ።

የገበያውም ምግብ ቢሆን በአንድ ቀን አይደራረብ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሩብ ኩባያ ቦሎቄ ይበቃል፣ በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ይሁን፣ ውሃም በደንብ ይጠጣ። ሆዱ በየጊዜው የሚነፋና የሚቆርጠው ሰው በተለይ ሽንኩርትና ቦሎቄ ሊያብሱበት ስለሚችሉ ሐኪም ያማክር። የተቀቀለውን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አያስቀምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ግን ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ ይቀቅሉ።