ፊቱ ጠንካራ፣ መሃሉ ለስላሳ፦ ኤምዲኤፍ ለትልቅ የስፒከር ሳጥን

በቤት ውስጥ ትልቅ ስፒከር ለመሥራት የተነሣ ሰው ድራይቨሮቹን (ድምፁን የሚያወጡትን የስፒከሩን ክፍሎች) መርጦ ከጨረሰ በኋላ የሚገጥመው ዋና ጥያቄ ሳጥኑ በምን ይሠራ የሚለው ነው። ማንንም ቢያማክር ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) የሚል ሲሆን፣ የሚቀርብለት ምክንያትም ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ እንደ ተፈጥሮ እንጨት ቋጠሮና ስንጥቅ የለውም የሚል ነው። በኤምዲኤፍም በበርች ኮምፔንሳቶም ረጃጅም የወለል ሳጥኖችን ሠርቼ እንዳየሁት፣ ይህ ምክንያት እውነትነቱ በግማሽ ነው። ሰሌዳው በርዝመቱና በወርዱ አንድ ዓይነት ነው፤ በውፍረቱ ግን አይደለም፤ በሳጥን ሥራ ላይ የሚያስመሰግነውም የሚያስቸግረውም ጠባይ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ለሳጥኑ አካል ከኤምዲኤፍ የበለጠ የሚመች ሰሌዳ አላውቅም፤ ቬኒር (ስስ የእንጨት ልባስ) ለሚለብስ ሳጥንም ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። በሚያብረቀርቅ ቀለም ለሚጨረስ ሳጥን ግን፣ የጠርዙን ሥራ ከሳጥኑ ሥራ እኩል አድርጎ ለመቁጠር ያልተዘጋጀ ሰው ሌላ ሰሌዳ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ኤምዲኤፍ የሚሠራው እንጨት ወደ ቃጫነት ተለውጦ ከሙጫ ጋር ከተዋሐደ በኋላ በሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ ነው። ለገበያ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን፣ ክብደቱ በአብዛኛው በአንድ ሜትር ኩብ ከ700 እስከ 800 ኪሎ ግራም ነው። በፕሬሱ ውስጥ ትኩሱን ብረት የሚነኩት ሁለቱ ፊቶች ከመሃሉ ይበልጥ ይታመቃሉ። አዲስ የተቆረጠ ሰሌዳ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙሮ የተመለከተ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ከላይና ከታች ጠቆር ያለና የጠበቀ መስመር አለ፤ በመካከል ያለው ግን ሳሳ ያለ ሲሆን በጥፍር ሲጭሩት ቃጫው ይነሣል፣ የውኃ ጠብታ ሲያርፍበትም ጠጥቶ ያብጣል። ሳጥን ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህን ሙከራ በቁራጭ ሰሌዳ ላይ ቢያደርገው፣ በኋላ የሚመጣበትን ችግር አብዛኛውን አስቀድሞ ይረዳዋል።

ከድምፅ አንፃር ከሳጥን የሚፈለገው ዝም ማለቱ ነው። ዉፈሩ (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ድራይቨር) አየሩን ሲገፋ የሳጥኑንም ግድግዳዎች ከውስጥ ይገፋል፤ የግድግዳው ስፋት ደግሞ ከዉፈሩ ስፋት እጅግ ስለሚበልጥ፣ በጣም ትንሽ እንቅስቃሴው እንኳ በሙዚቃው ላይ የራሱን ድምፅ ይጨምራል። የኤምዲኤፍ ግትርነት ከበርች ኮምፔንሳቶ በግልጽ ያንሳል፤ በዚህ ረገድ ኮምፔንሳቶን የሚያመሰግኑ ሰዎች ትክክል ናቸው። ነገር ግን ኤምዲኤፍ ንዝረትን በራሱ ውስጥ የማብረድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ የጎደለውን ግትርነት ደግሞ በውፍረትና በውስጥ ድጋፍ ማካካስ ይቻላል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 8 እጥፍ፣ ክብደቱ ግን 2 እጥፍ ብቻ ስለሚያድግ፣ ሰሌዳው የሚንቀጠቀጥበት ድግግሞሽ በእጥፍ ከፍ ይላል።

ከውፍረት ይልቅ ብዙ የሚያተርፈው ግን ድጋፉን በትክክለኛው አቅጣጫ ማስቀመጥ ነው፤ ብዙ ሠሪዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወርዱ 40፣ ቁመቱ 100 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጎን ግድግዳ እንውሰድ። በተለምዶ እንደሚደረገው በመካከሉ አግድም ድጋፍ ቢገባበት፣ የመጀመሪያው የንዝረት ድግግሞሹ በስሌት ወደ 1.4 እጥፍ ገደማ ብቻ ያድጋል፤ ያው ድጋፍ ከታች እስከ ላይ በቁመቱ ቢሄድና ወርዱን ለሁለት ቢከፍለው ግን ወደ 3.6 እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱም የሰሌዳን ንዝረት በዋነኛነት የሚወስነው አጭሩ ጎኑ ነው። ድጋፉን ከመካከል ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ መትከልም ይጠቅማል፤ አለበለዚያ ሁለቱ ግማሾች በአንድ ድግግሞሽ አብረው ይንቀጠቀጣሉ።

ውፍረት የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ከውጭ 30 በ40 በ100 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ሲለካ 120 ሊትር ነው፤ በ22 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ሲሠራ ግን በውስጡ የሚቀረው 87 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ድጋፎቹ፣ የአየር መውጫው ቱቦና የድራይቨሮቹ ጀርባ ከዚህም ላይ ይቀንሳሉ። መሐንዲሶቹ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባቀረቧቸው ስሌቶች የሳጥኑን ይዘት የሚያሰላ ሰው፣ የሚያገኘው ቁጥር የተጣራ የውስጥ ይዘት መሆኑን አስታውሶ ልኬቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ማውጣት አለበት። የባዶው ሳጥን ክብደት ብቻ ወደ 25 ኪሎ ስለሚጠጋ፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሳጥኑን እንዴት እንደሚያገላብጠው ቀደም ብሎ ቢያስብበት መልካም ነው። በዚህ ቁመት ባለ ሳጥን ውስጥ ወለልና ጣሪያው መካከል በ180 ሄርዝ አካባቢ ቋሚ ሞገድ (ሲመላለስ ራሱን የሚያጎላ ድምፅ) ይፈጠራል፤ ሱፍ ወይም ሌላ ማብረጃ የሚገባውም ግድግዳ ላይ በመለጠፍ ብቻ ሳይሆን፣ አየሩ በብዛት በሚንቀሳቀስበት በቁመቱ እኩሌታ ላይ ነው።

ለዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነ የተከበረ መንገድ እንዳለም መጥቀስ ተገቢ ነው። የቢቢሲ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለውን ትንሽ ሞኒተር (የድምፅ ጥራት የሚፈተሽበት ስፒከር) ሲሠሩ፣ ከወፍራም ግድግዳ ይልቅ ቀጭን የበርች ኮምፔንሳቶ ወስደው ከውስጥ ሬንጅ መሰል ማብረጃ አለበሱት፤ ዓላማቸው ንዝረቱን ጆሮ ብዙም ወደማያስተውለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ አውርዶ ማብረድ ነበር። ለትንሽ ሳጥን አሳማኝ መንገድ ነው። ትልቅ ዉፈር ለሚሸከም ረጅም ሳጥን ግን እኔ ወፍራሙንና በድጋፍ የታሰረውን እመርጣለሁ።

ኤምዲኤፍ የሚወደደው ራውተር (እንጨት የሚቦረቡር ፈጣን መቁረጫ መሣሪያ) ሲነካው ነው። ቃጫው አቅጣጫ ስለሌለው ክብ ሲቆረጥ አንዱ ጎን አይሰነጠርም፤ በዚህ በኩል ኮምፔንሳቶ ሊወዳደረው አይችልም። የድራይቨሩ ጠርዝ ከሳጥኑ ፊት ጋር እኩል እንዲሆን የሚቆፈረው ዝቅታ መቅደም ያለበት ከዋናው ቀዳዳ በፊት ነው፤ ራውተሩን የሚያዞረው መሣሪያ የሚሽከረከረው መሃል ላይ በተተከለ ምስማር ስለሆነ፣ ቀዳዳው አስቀድሞ ከወጣ ምስማሩ የሚቆምበት ቦታ አይኖርም። ጥልቀቱ ሲለካ የጋስኬቱ (ከድራይቨሩ ሥር አየር እንዳያልፍ የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረት አብሮ ይታሰባል። ዝቅታው ጠንካራውን ፊት ስለሚያነሣው የቀረው ወለል ለስላሳው መሃል ነው፤ ጋስኬቱ በደንብ እንዲያርፍ ይህ ወለል ቀጭን ሙጫ ጠጥቶ መድረቅና በብርጭቆ ወረቀት መታሸት ይኖርበታል። ፊቱ በሁለት ሰሌዳ ከተደረበና 44 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የሚድሬንጁ (የመካከለኛው ድምፅ ድራይቨር) ቀዳዳ ከጀርባ በ45 ዲግሪ መከፈት አለበት፤ አለዚያ ትንሹ ድራይቨር በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደተቀመጠ ይታፈናል።

የፊቱ ጠርዝ መድቦልቦልም ለውበት ብቻ አይደለም። የድምፅ መሐንዲሱ ሃሪ ኦልሰን የሳጥን ቅርጾችን አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ሥራው ሉል በጣም ለስላሳውን ምላሽ (በየድግግሞሹ የሚወጣውን የድምፅ መጠን) እንደሚሰጥ፣ ስለታም ጠርዝ ያላቸው ቅርጾች ደግሞ ምላሹን ከፍ ዝቅ እንደሚያደርጉት አሳይቷል። የ3,000 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የጥቂት ሚሊ ሜትር ማድቦልቦል ለእጅ እንጂ ለጆሮ የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው፤ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ግን ድካሙን ይክሳል። ማድቦልቦሉ በበዛ ቁጥር ለስላሳው መሃል በሰፊው መጋለጡን ግን መርሳት አይገባም።

በቪቲ አያያዝ ኤምዲኤፍ ደካማ ነው። ጠርዙ ላይ በቂ ቀዳዳ ሳይበሳ የገባ ቪቲ ሰሌዳውን በውፍረቱ ይሰነጥቀዋል፤ ለድራይቨሮችም በቀጥታ የሚገባ ቪቲ ከጥቂት መፍታትና ማሰር በኋላ ይላላል። ክሮስኦቨሩን (ድምፁን ለየድራይቨሩ የሚያከፋፍለውን የኤሌክትሪክ ክፍል) ለማስተካከል ድራይቨሮቹ ደጋግመው መውጣታቸው ስለማይቀር፣ ጥርስ ያለው የብረት ማስገቢያ ከመጀመሪያው መቀበር አለበት። ለመገጣጠሚያ ተራ የእንጨት ኮላና በቂ ሞርሴቶ (ሰሌዳዎቹን አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ይበቃል፤ በደንብ የተጣበቀ የኤምዲኤፍ መገጣጠሚያ ሲሰበር የሚለቀው ኮላው ሳይሆን ሰሌዳው ራሱ ነው። ሳጥኑ ከተገጣጠመ በኋላ የውስጥ ማዕዘኖቹን በሙሉ በኮላ ደግሞ መቀባት ይገባል፤ ትንሽ የአየር ማፍሰሻ እንኳ የዝቅተኛውን ድምፅ (የቤዙን) ስሌት ያበላሻል፣ አንዳንዴም በሚሰማ የፉጨት ድምፅ ራሱን ያጋልጣል።

አሁን ወደ ማጠናቀቂያው እንምጣ፤ የኤምዲኤፍ እውነተኛ ፈተና ያለው እዚህ ነውና። ኮላው ውኃ ስላለው መጋጠሚያው ላይ ያለው ጠርዝ ትንሽ ያብጣል። ኮላው ሲነኩት ስለደረቀ ብቻ ያን ቀን አሽቶ እኩል ያደረገ ሰው፣ እርጥበቱ ቀስ በቀስ ሲወጣ መስመሩ ጎድጉዶ ያገኘዋል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ ከወራት ቆይታ በኋላ እንኳ መጋጠሚያው እንደ ቀጭን ጭረት ብቅ ሊል ይችላል፤ የአንዱ ሰሌዳ ጠርዝ ከሌላው ሰሌዳ ፊት ጋር ሲጋጠም፣ እርጥበት በመጣና በሄደ ቁጥር አንዱ በውፍረቱ፣ ሌላው በርዝመቱ ስለሚንቀሳቀስና የውፍረቱ እንቅስቃሴ ስለሚበልጥ ነው። ስቱኮ መደራረብ ይህን አያስቆመውም። የሚያስቆሙት መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ሰሌዳዎቹን በ45 ዲግሪ ቆርጦ መጋጠሚያውን ጥጉ ላይ ማዋል፣ ሳጥኑን ለሳምንታት አቆይቶ ከማሸት በኋላ በሁለት ክፍል ኢፖክሲ ሙሉ በሙሉ ማልበስ፣ ወይም መጋጠሚያውን የሚሸፍን ቬኒር መለጠፍ። በውኃ የሚቀጥን ፕራይመር ባልታሸገ ጠርዝ ላይ ከተቀባ ቃጫውን ያስነሣዋል፤ የመጀመሪያው ልባስ ሼላክ የተባለው ቫርኒሽ ወይም ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩረቴን ቢሆን፣ ከደረቀ በኋላ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቢታሽና ቢደገም፣ ጠርዙና ፊቱ ቀለምን በእኩል መቀበል ይጀምራሉ።

እኔ አብልጬ የምወደው ቬኒርን ነው፤ ከኤምዲኤፍ ጋር የሚስማማውን ያህል ከሌላ ሰሌዳ ጋር ሲስማማ አላየሁም፤ ፊቱ ዝርግ ነው፣ የራሱ የእንጨት መስመር ስለሌለው የላዩን ቬኒር አይጎትተውም። ለቤት ሠሪ የሚቀለው ዘዴ የእንጨት ኮላን በሳጥኑም በቬኒሩም ላይ በስሱ ቀብቶ እስኪደርቅ ማቆየትና፣ ከዚያ ቬኒሩን በቦታው አድርጎ በትኩስ ካውያ መጫን ነው። ካውያው በዝግታ ሲሄድ ኮላው ይለሰልሳል፤ ከኋላው በእንጨት ቁራጭ እየተጫኑ ሲከተሉት እየቀዘቀዘ ይይዛል። በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ እንደገና ይሞቃል። ካውያው አንድ ቦታ ላይ ከዘገየ ግን ቬኒሩን አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ የወረቀት ጀርባ ያለው ቬኒር ለጀማሪ ይሻላል። በላስቲክ ማስቲሽ የተለጠፈ ቬኒር ላይ ጠንካራ ቲነር ያለው ላከር ሲረጭ ማስቲሹ ሊለቅና አረፋ ሊያበቅል ስለሚችል፣ ያን መንገድ አልመክርም። ከአንድ ግንድ በተከታታይ የተቀደዱ ሁለት ቅጠሎችን ለግራና ለቀኝ ሳጥን አድርጎ፣ የእንጨት መስመራቸው እንደ መስታወት ትይዩ እንዲሆን ማሰናዳት ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ ጥንዱ ሳጥን ግን ከፋብሪካ ከሚወጣው ሁሉ ልቆ ይታያል።

በላዩ የሚቀባውን በተመለከተ ዘይት ለጥገና ይቀላል፣ ቫርኒሽ ለጭረት ይጠነክራል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ተዘርግቶ ሊደርቅ ወይም ውኃ ውስጥ ሊነከር ይገባል። ጥቁር አብረቅራቂ ቀለም የመረጠ ሰው ደግሞ ቀለሙ እስከ ውስጥ ድረስ እስኪጠና ሳምንታት ሳይጠብቅ ማወልወል የለበትም። የኤምዲኤፍ አቧራ እጅግ ደቃቅ ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራንም ብዙ ጊዜ በሙጫው ውስጥ የሚገኘውን ፎርማልዴሃይድንም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት መድቧቸዋል። በራውተር ሥራ ጊዜ በደንብ የሚገጥም የአቧራ ማስክና የአቧራ መሳቢያ ከመጋዙ እኩል የግድ ናቸው።

ሰሌዳው ሲገዛ ፊቱን ማየት አይበቃም፤ ሁሉም ፊት ይመሳሰላል። ማየት የሚገባው የተቆረጠውን ጠርዝ ነው፤ መሃሉ በጥፍር ሲጫን በቀላሉ የሚሰረጉድ ከሆነ በስቱኮም በፕራይመርም አይድንም። ዋጋው ከፍ ቢልም መሃሉ የጠበቀውን ወስዶ፣ ለሁለቱም ሳጥኖች የሚያስፈልገው በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ምርት እንዲቆረጥ ማድረግ ይሻላል።