ኪውት ወይስ ደብልዩኤክስ? የሱቅ ፕሮግራም ለሚያሠሩ የወሎ ነጋዴዎች

ኪውትና ደብልዩኤክስ ባለሙያ የፕሮግራምን መስኮት፣ ቁልፍና ሳጥን የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የሽያጭ ፕሮግራም የሚያሠራ ሰው ቀድሞ የሚያየው መልኩን ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ኮምፒውተሩ ነው። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ምርጫው ወዲያው ይጠባል።

ሌላው የዚህ ዓይነት መሣሪያ፣ ኤሌክትሮን፣ ከጨዋታው ይወጣል። ሙሉ ብራውዘር ተሸክሞ ስለሚመጣ ትንሽዬ የዱቤ መዝገብ እንኳ ከ100 ሜጋባይት ታልፋለች። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አዲሶቹ እትሞቹ ዊንዶውስ 7ን ትተውታል።

ደብልዩኤክስ፣ በሙሉ ስሙ ደብልዩኤክስዊጄትስ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ቁልፉንና ሳጥኑን ራሱ አይስልም። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን፣ ማክ ላይ የማክን፣ ሊኑክስ ላይ ጂቲኬ የተባለውን የመስኮት መሣሪያ ይጠቀማል። ስለዚህ ቀላል ነው፤ እትም 3.2 በአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሳይቀር ይሠራል። ፈቃዱም አያስጨንቅም። ፕሮግራሙን ኮዱን (የተጻፈበትን ጽሑፍ) ለሌላ ሳይከፍቱ ቢሸጡት የሚጠይቅዎ የለም።

ኖርዌይ የተወለደው ኪውት ሁሉንም ነገር ራሱ ይስላል፣ የኮምፒውተሩን መልክ እያስመሰለ። ያምራል፣ እንደፈለጉም ይታዘዛል። ግን ኪውት 6 ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል። በነፃው ፈቃድ ሲሠሩ ግዴታዎች አሉበት፤ የግራፍ ክፍሉንና የመሰሉትን ከተጠቀሙ ደግሞ ወይ ኮድዎን ይከፍታሉ ወይ ይከፍላሉ። ባለሙያው ይህን ሳይነግርዎ ፊርማ የለም!

ዋናው ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። ኪውት ከ5.14 ጀምሮ የኢራኑን ጃላሊና የሂጅራውን ይዟል። ለወሎ ሰው ሂጅራው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የኛው የኢትዮጵያ ግን ኪውትም ደብልዩኤክስም ጋ የለም። ስሌቱ አይከብድም፤ የሚያስቸግረው የቀን መምረጫዋ ሳጥን ናት። ደብልዩኤክስ ዊንዶውስ ላይ ሳጥኗን ከዊንዶውስ ስለሚወስድ 13ኛ ወር አስገቡልኝ ቢሉት ወይ ፍንክች። ባለሙያው ከባዶ ይሠራታል። ኪውት ላይ እንዲህ ያለው ሥራ ይቀላል።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ለአሮጌ ኮምፒውተርና ለተራ ደረሰኝ ደብልዩኤክስ። ኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነና ቀን የሚበዛበት ሥራ ካለ፣ ለምሳሌ የላሊበላ ሆቴል የክፍል ምዝገባ፣ ኪውት።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቅዎ በፊት ባለሙያውን በራሱ ላፕቶፕ ሳይሆን በእርስዎ ኮምፒውተር ይፈትኑት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሽያጭ ይመዝግብ። ቀጥሎ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ይሞክር፤ ፕሮግራሙ እሺ ካለ ሥራው አላለቀም።