ሲአይ-8237 የመኖ አጃ ዘር በወሎ ደጋ፦ መኖው ይበረክታል፣ ዋጉን ግን በራስ ማሳ ፈትኖ ነው

ሲአይ-8237 ለደጋ መኖ ከሚመከሩት የአጃ ዝርያዎች አንዱ ነው። ቁመቱ ረዥም ነው፤ በእሸትነቱ ሲታጨድ በግም ላምም ወደውት ይበሉታል። በለጋምቦ፣ በወረኢሉ ወይም በደሴ ዙሪያ መኖ ለሚቸግረው አርቢ ገዝቶ ቢዘራው አይቆጨውም። ጥያቄው ያለው «ዋግ አይነካውም» እየተባለ መሸጡ ላይ ነው፤ ዋግ ቅጠልና አገዳ የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው።

«ሲአይ» የአሜሪካ የእህል ዝርያዎች ስብስብ መለያ ነው፤ 8237 የመዝገብ ተራ እንጂ በሽታ የመቋቋም ማዕረግ አይደለም። ደግሞም ዝርያ ዛሬ ዋግን ቢቋቋም ነገም ይቋቋማል ማለት አይደለም፤ ፈንገሱ ይለወጣል። የስንዴ ገበሬ ይህን በኪሳራ ተምሮታል፦ ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2010 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ፣ ዲገሉ የተባለው ደግሞ በ2013 በግንድ ዋግ ተመቱ። በአጃ የደረሰው ደግሞ ይብሳል። አሜሪካኖች «ቪክቶሪያ» ከሚባል አጃ የቅጠል ዋግ መቋቋሚያ ወስደው ብዙ ዝርያ አዳቀሉበት፤ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ እነዚያው ዝርያዎች ከዋግ ሲድኑ በሌላ ፈንገስ አለቁ። ከዋግ ያዳናቸው ባሕርይ ለአዲሱ በሽታ አጋለጣቸው።

ስለዚህ ዘሩን በሙሉ ከመዝራት በፊት ጠርዝ ላይ ትንሽ መፈተኛ ይዘራ። 1 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች፣ በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር፤ ለአንድ መስመር 1.6 ግራም፣ ወደ 50 ፍሬ ይበቃል። ዙሪያውን ዋግ በቀላሉ የሚይዘው የአካባቢ አጃ ይዘራበት፤ በሽታ አሰራጩ እሱ ነው። አሰራጩ ሳይታመም የተፈተነው ዘር ንጹሕ ቢሆን ምንም አላረጋገጠም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሌላ ጥንድ መስመር ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም፤ ዘግይቶ የተዘራ አጃ ገና ለጋ ሳለ የዋግ ብናኝ ስለሚበዛበት ድክመቱ ይገለጣል።

ዘለላ ማውጣት ሲጀምር በየ10 ቀኑ ሦስት ጊዜ የላይኛው ቅጠልና ከሥሩ ያለው ይታዩ። ቅጠሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ማሸት ነው። እንደ እርድ ያለ ብርቱካናማ ዱቄት ጣት ላይ ከቀረ የቅጠል ዋግ ነው። አገዳው ላይ ቆዳውን ቀዶ የወጣ፣ ጥፍር ሲነካው የሚሻክርና የጡብ ቀለም ያለው የግንድ ዋግ ነው። ሲመዘገብ ከመቶ ስንት እጅ እንደተሸፈነ ብቻ ሳይሆን የቁስሉ ዓይነትም ይጻፍ፤ ዱቄት የሌለው ገርጣ ያለ ነጥብ ተክሉ መከላከሉን ያሳያል፣ ትልቅና ዱቄታም ቁስል መሸነፉን።

የቅጠል ዋግ እርጥብ ቅጠልና ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይመቸዋል። እንደ ጉጉፍቱ ባለ ብርዳማ ደጋ ንጹሕ የሆነ ዘር ወይና ደጋ ሲወርድ ሊታመም ይችላል፤ የአንዱ ማሳ ውጤት ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

ጎረቤት ስንዴ ካለው አይስጋ፤ የአጃ ዋግ ስንዴ ላይ አይሄድም። የሚያሰጋው ከዘሩ ጋር የሚመጣ ሲናር ነው። አንድ እፍኝ መዳፍ ላይ ዘርግቶ ማየት ነው፦ ጠቆር ያለ፣ ጸጉራም፣ ጅራቱ ተጠማዞ የታጠፈ ፍሬ ሲናር ነው። ከተገኘበት አለመግዛት ይሻላል፤ ፍሬው ሳይታጨድ ረግፎ ማሳውን ለዓመታት ይወርሰዋል።

ለሩብ ሄክታር ለብቻው 20 ኪሎ፣ ከቬች (ከጥራጥሬ ወገን የሆነ የመኖ ተክል) ጋር ከሆነ 15 ኪሎ አጃና 2 ኪሎ ቬች ይበቃል። ዩሪያ ማብዛት ጉዳት አለው፤ ረዥሙ አገዳ በነፋስ ይተኛል፣ የተኛውም ከታች ያለው ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ስለሚውል ዋግ ይበዛበታል።

አጃው ሲያብብ ዋግ ከታየ መድኃኒት መርጨት አንመክርም፤ ለመኖ የተዘራ ነውና መድኃኒቱ ከብቱ አፍ ይገባል። ወዲያው አጭዶ ማድረቅ ነው፤ ቅጠሉ ሳይረግፍ አብዛኛው መኖ ይተርፋል። ለዘር የሚቀረው ግን ከታመመው ጥግ አይሰብሰብ፤ ዘለላው ወደ ጥቁር ዱቄት የተለወጠም አረማሞ የሚባል ሌላ የፈንገስ በሽታ ስለሆነ፣ ሳይበተን በከረጢት ተሸፍኖ ተነቅሎ ይቃጠል።