ድሬዳዋ፣ ከዚራ፦ የማዕድን ሰዎች ሐሙስ ማታ የምንገናኝባት ሻይ ቤት

ሰሌዳ የላትም። ከለገሃር፣ ከባቡር ጣቢያው፣ ወጣ ብሎ ትልልቅ ዛፎች ካጠሉት መንገድ ዳር ያለች ሰማያዊ በር ናት። ሐሙስ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ከመጣችሁ ጫማቸው በነጭ የድንጋይ አቧራ የተሸፈነ ሰዎች የተቀመጡበትን ጠረጴዛ ፈልጉ። እኛ ነን።

እኔ የሲሚንቶ ላብራቶሪ ኬሚስት ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከካባው፣ ከድንጋይ ማውጫው፣ የሚመጣ ድንጋይ ስመረምር አውጪዎቹን የማውቃቸው በፊርማቸው ብቻ ነበር። ድሬ ለዚህ ሙያ የቆየች ከተማ ናት፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ጊዜ የተተከለው እዚሁ ነው። ጂኦሎጂስቱ፣ ድማሚት የሚቀብረው፣ የጠጠር መፍጫ ባለቤቱ፣ የገልባጭ ሾፌሩ፣ ሁሉም እንጀራው ከድንጋይ ነው፤ ግን አይተዋወቁም።

ከአንድ የካባ ጂኦሎጂስት ጋር ሆነን ሰው ለማሰባሰብ ስንነሳ መጀመሪያ የሄድነው ሆቴል አዳራሽ ነበር። ኪራይ ተከፈለ፣ ማይክ ተተከለ፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ንግግር ሰማን። ሾፌሮቹ ከኋላ ተቀምጠው ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። በሁለተኛው ወር አምስት ሆነን ቀረን።

እዚህ ሻይ ቤት ግን መዋጮ የለም፣ ሊቀመንበርም የለም፣ የበላ ለራሱ ይከፍላል። አንድ ደንብ ብቻ አለን፤ የጨረታ ዋጋ አይነሳም። ባለቤቷን እማ ነው የምንላት። አዲስ ሰው በር ላይ ሲያመነታ ካየች “አቦ ግባ! ተጠጉለት እንጂ!” ብላ መሀላችን ታስቀምጠዋለች። ፉሏ ሽንኩርትና ቃሪያ በዝቶበት ትኩስ ይመጣል፣ ሻይዋ ሄልና ቀረፋ ይሸታል። ፈጢራው አንዳንዴ ዘይት ይበዛበታል።

ይህች ቤት ምን እንደጠቀመችኝ የገባኝ አንድ ሐሙስ ነው። የካባው ፎርማን ሁለት ድንጋይ ከኪሱ አውጥቶ ከፉሉ ሰሃን አጠገብ አስቀመጠ። ሁለቱም ግራጫ፣ ለዓይን አንድ ናቸው። ጂኦሎጂስቱ መስክ ሲወጣ የሚይዛትን የአሲድ ብልቃጥ አወጣ። እማ አሲድ መሆኑን ስትሰማ ምግብ አጠገብ አይሆንም ብላ የተሰነጠቀ ሰሃን ሰጠችንና ደጅ ደረጃው ላይ ወጣን። አንደኛው ድንጋይ ጠብታው እንደነካው ጩስ ብሎ አረፋ ደፈቀ፤ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ። ሁለተኛው ዝም አለ። በቢላ ፍቀን ዱቄቱ ላይ ስንጨምርበት ነው ቀስ ብሎ የፈላው። ዶሎማይት ነበር፤ ማግኒዥየም አለበት። የአውሮፓው የሲሚንቶ መስፈርት ክሊንከር (ከምድጃ ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነው) ውስጥ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ነፃ ሆኖ የቀረው ክፍል ኮንክሪቱ ከጠነከረ ከረጅም ጊዜ በኋላ ከውሃ ጋር እየተዋሃደ ያብጣል፣ የሰው ቤት ይሰነጥቃል።

እኔ ለወራት “ማግኒዥየሙ ከፍ ብሏል” እያልኩ ሪፖርት እልክ ነበር። ፎርማኑ ድንጋዩ ከየትኛው ቤንች (የካባው እርከን) እንደሚወጣ ያውቃል፣ ጠይቆት የሚያውቅ ግን የለም። አጠገቡ የነበረው ሾፌር ደግሞ ከዚያ ቤንች በቀን ስንት ቢያጆ እንደሚጭን ነገረን። ሦስት ሰው የየራሱን ቁራጭ ይዞ ነበር። ያን ማታ ቤቴ ስገባ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ግድግዳው ሥር ያሉት የብረት ወንበሮች ፀሐይ ሲመታቸው ስለሚውል እስከ 1 ሰዓት ይፋጃሉ፤ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የለም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመጸዳጃ ቤቱ በር አለመቆለፉ ነው። በዚህ ሙያ ያለን ሴቶች ጥቂት ነን፣ አንዷም በዚህ የተነሳ እንድትቀር አልፈልግም። ለእማ ነግሬያት መቀርቀሪያ አሠራለሁ ብላለች፤ እስኪሠራ እጠይቃታለሁ።

ከሐረር የምትመጡ የመመለሻ መኪና እንዳያመልጣችሁ በ11 ሰዓት ድረሱ፣ ቀድመን እንጀምርላችኋለን። ያጠራጠራችሁ ድንጋይ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ሰሃኑ አለ።