አዳምጠው ላከሙኝ ሐኪም ምስጋና

ይህን የምጽፈው ላመሰግን ነው። ደግሞም እንደ እኔ የሚንከራተት ሰው ካለ እንዲያነበው ብዬ ነው።

ድካሙ ከአልጋ አያስነሳኝም ነበር። እግሬ ይደነዝዛል፤ ላወራ የጀመርኩት ከአፌ ይጠፋል። የሄድኩበት ሁሉ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ጭንቀት ነው፣ እረፊ" ይለኛል። መጨረሻ ላይ "ፈንክሽናል ሜዲሲን" (የበሽታን ሥር መንስኤ ከታካሚው ታሪክና አኗኗር እፈልጋለሁ የሚል የሕክምና አካሄድ) የሚል ስም ለጥፎ የሚሠራ ቦታ ገባሁ። ውድ ውድ ምርመራ አዘዙልኝ፤ ከዚያ አንድ ከረጢት ሙሉ ቪታሚንና ዱቄት አሸክመው ሸኙኝ። ለምን እንደምወስደው ያስረዳኝ ሰው የለም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በታመመ ሰው ተስፋ መነገድ ግፍ ነው።

ስለዚህ እህቴ "እኚህም ፈንክሽናል ሜዲሲን የሚሠሩ ሐኪም ናቸው፤ ግን ይለያሉ" ስትለኝ እየተጎተትኩ ነው የሄድኩት።

ሐኪሜ አዳመጡኝ። ሳይቸኩሉ፣ ሳያቋርጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ የታመምኩትን፣ የወሰድኩትን መድኃኒት፣ ያሳለፍኩትን ሐዘን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ጻፉት። ከዚያ ታሪኬን መልሰው ለእኔው ነገሩኝና "በትክክል ተረድቼሻለሁ? የቀረ ነገር አለ?" አሉ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ አሳዩኝ። መደንዘዙ የመጣው ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ከወሰድኩ በኋላ ነው። መድኃኒቱ የጨጓራ አሲድ ስለሚቀንስ፣ ሲቆይ ሰውነት ቪታሚን ቢ12ን ከምግብ በደንብ እንዳያገኝ ሊያደርግ ይችላል አሉኝ። ያዘዙት ተራ የደም ምርመራ ነው። ቢ12 በጣም ወርዶ ተገኘ። የቀረውን ዝርዝር እኔ አላውቀውም። መድኃኒቱን በራሴ እንዳላቆም አስጠነቀቁኝ፤ ላዘዘልኝ ሐኪም ራሳቸው ደውለው ተመካከሩ። የቢ12 መርፌ ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስ ሰው ሆንኩ። አንድ ብልቃጥ ቪታሚን እንኳን አልሸጡልኝም!

እህቴ ነርስ ናት። ይህን ስታይ ፈንክሽናል ሜዲሲን ልማር አለች፤ ለእሷም ጊዜ ሰጧት። እሳቸው የሠለጠኑት እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ በተቋቋመው ኢንስቲትዩት ፎር ፈንክሽናል ሜዲሲን ነው። ታሪክን ለታካሚው መልሶ መንገርም እዚያ የሚያስተምሩት ነገር ነው አሏት። ግን አላጋነኑም። "አሜሪካ ውስጥም ቢሆን የሐኪሞች ስፔሻሊቲ ቦርድ እንደ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አይቆጥረውም። ሰርተፍኬቱ የሙያ ፈቃድሽን አይተካም፤ መጀመሪያ ጎበዝ ነርስ ሁኚ" አሏት። በዚህ ይበልጥ አከበርኳቸው።

እባካችሁ፣ መልስ ያጣችሁ ሁሉ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሩቅ ከሆነባችሁም የሕክምና ፈቃድ ያለው፣ ከሌላ ሐኪማችሁ ጋር የሚነጋገር፣ ቪታሚን ለመሸጥ የማይቸኩል ሰው ፈልጉ። አድራሻቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ እልካለሁ።

ዶክተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።