ቀይዋ ክኒን፣ የአሜሪካው ጠርሙስ ወይስ ባለ 15ቱ? ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ ምን ይገዛል፣ ምን ይቀራል

በገበያ ቀን ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት ቤት መቆም ትዕግሥት ይጠይቃል። በቅርቡ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰ ጎልማሳ ገባና ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ "እታለም፣ የርጉዝ ቫይታሚን ስጪኝ፤ ትልቁን ጠርሙስ" አለኝ። የሐኪም ወረቀት አልያዘም። የጎረቤቱን ሚስት እህቷ ከአሜሪካ ጠርሙስ ልካላት አይቶ፣ የእኔዋስ ለምን ታንሳለች ብሎ ነው የመጣው።

"ከጤና ጣቢያ የሰጧት ክኒን የለም እንዴ?" አልኩት።

"አለ። ሽታው አስጠልቷት ግድግዳው ውስጥ ሸጉጣዋለች።"

ያቺ ግድግዳ ውስጥ የተሸጎጠች ክኒን ከጠርሙሱ በምን ታንሳለች፣ በምንስ ትበልጣለች? ለእሱ ቆሜ ያስረዳሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ጠርሙሱን የምሸጠው እኔው ነኝ፤ "አትግዙ" ያልኩበት ቦታ ሁሉ ከገዛ ኪሴ እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

ዋጋ አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል። ይልቅ የጠርሙሱን ዋጋ በያዘው ፍሬ ብዛት አካፍሉት፤ ከዚያ በቀን ስንት ፍሬ እንደሚወሰድ እዩ። 60 ፍሬ የያዘው ጠርሙስ በቀን ሁለት የሚል ከሆነ የአንድ ወር ብቻ ነው። በዚህ የተሸወደ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ቀይዋ ክኒን

ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት በነፃ የምትቀበላት አይረን ፎሌት ውስጥ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም (0.4 ሚሊ ግራም) ፎሊክ አሲድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ይመክራል፤ ደም ማነስ በበዛበት አገር ደግሞ 60ው ይሻላል ይላል። ስለዚህ ይህቺ ርካሽ ክኒን በብረት በኩል የጣሪያውን ያህል ይዛለች። ከሱቄ መደርደሪያ ላይ በዚህ የምትበልጣት የለችም ማለት ይቻላል።

ጤና ጣቢያ አልቆ ከውጭ የምትገዙ ከሆነ ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ። በእሽጉ ላይ "ፌረስ ሰልፌት 300 ሚሊ ግራም" ቢል ንጹሕ ብረቱ 60 ነው። በ"ፌረስ ፉማሬት" 180 ሚሊ ግራም፣ በ"ፌረስ ግሉኮኔት" ደግሞ 500 ሚሊ ግራም ያንኑ 60 ይሰጣሉ። 500 የሚለው ከ180ው የበረታ ይመስላል፤ ግን እኩል ናቸው። ፎሊክ አሲድ አብሮት እንዳለም እዩ፤ ብረት ብቻ የሆነ ክኒን አለ።

ችግሯ ሆድ ላይ ነው። ታቅለሸልሻለች፣ ታደርቃለች፣ ዓይነ ምድርን ታጠቁራለች። መጥቆሩ አያስፈራም፤ ሆድ ያልወሰደው ብረት ነው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን የያዝኩ ጊዜ ለአንድ ወር ያህል መሳቢያ ውስጥ ደብቄያት ነበር፤ ፋርማሲስትነቴ አላዳነኝም። የተገላገልኩት ማታ ልተኛ ስል መውሰድ ስጀምር ነው። በባዶ ሆድ ካልቻላችሁ ትንሽ ምግብ ቀምሳችሁ ውሰዱ፤ ብረቱ በመጠኑ ቢቀንስም ጨርሶ ከመተው ይሻላል። ሎሚ ወይም ብርቱካን ያግዛል። ቡና ግን ጠላቷ ነው፤ ሻይም እንዲሁ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ሰዓት አትውሰዷት፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቃት።

"ጤፍ እየበላን ብረት እንዴት ያጥረናል?" የሚለኝ አይጠፋም። የጤፍ ብረት በምርመራ ብዙ ሆኖ የሚታየው በከፊል ከአውድማው አፈር ጋር ስለሚቀላቀል ነው፤ ሰውነት ያንን ብዙም አይጠቀምበትም። ሊጡ ሲቦካ ጤፉ ራሱ የያዘው ብረት በተሻለ ይወሰዳል፤ ቢሆንም ለሁለት ነፍስ አያደርስም። አፈር ወይም አመድ የሚያምራት ሴት ካለች ደግሞ ምንም ከመግዛቷ በፊት ደሟን ትመርመር። ሄሞግሎቢኗ (ደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ከ11 በታች ከሆነ ሐኪም በቀን 120 ሚሊ ግራም ብረት ሊያዝላት ይችላል፤ ያኔ ነገሩ ሕክምና ነው፣ ጠርሙስ ማማረጥ አይደለም።

የአሜሪካው ጠርሙስ

በውጭ ያሉ ዘመዶች ከሚልኩት ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝ እንደ ከረሜላ የሚታኘከው ጋሚ ነው። ይጣፍጣል፣ አያቅለሸልሽም፤ አብዛኛው ግን ብረት የሚባል ነገር የለበትም። የማያቅለሸልሽበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ጋሚውን ይዛ ቀይዋን የጣለች ሴት ያላት ጥቅም መጣፈጡ ነው።

በፍሬ የሚመጡት ይሻላሉ፤ ግን የተሠሩት ለሌላ አገር ሴት ነው። በአሜሪካ ለነፍሰ ጡር በቀን የሚመከረው 27 ሚሊ ግራም ብረት ስለሆነ ብዙዎቹ እዚያ አካባቢ ናቸው። ከእንግሊዝ የሚመጣው ፕሬግናኬር 17 ሚሊ ግራም ነው የያዘው። ሥጋና ዱቄቱ የበለጸገ ዳቦ ለምትበላ ሴት ይበቃል፤ ሁዳዴን ሽሮ ላይ ላሳለፈች አይበቃም። የሚበልጡበትም አለ፦ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፣ ዚንክ።

ገዝታችሁም ተልኮላችሁም ከሆነ ቫይታሚን ኤ የሚለውን መስመር ፈልጉ። "ሬቲኖል" ወይም "ሬቲኒል" የሚለው ዓይነት በቀን ከ10,000 አይ ዩ (3,000 ማይክሮ ግራም) ካለፈ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። "ቤታ ካሮቲን" የሚለው ያን ያህል አያሰጋም። ስለዚህ የዓሣ ጉበት ዘይትና ለፀጉርና ለቆዳ የሚሸጥ ቫይታሚን በእርግዝና ጊዜ ይቅር። ሁለት ዓይነት መልቲ ቫይታሚን ደርቦ መውሰድም እንዲሁ።

ባለ 15ቱ

ይህ ዩኒሴፍ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 ቀመሩን ያወጡለት የነፍሰ ጡር ክኒን ነው። በአንድ ፍሬ 15 ዓይነት ቫይታሚንና ማዕድን አለው፤ ከእነዚህም 30 ሚሊ ግራም ብረት፣ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ፣ 150 ማይክሮ ግራም አዮዲን፣ 15 ሚሊ ግራም ዚንክና 2.6 ማይክሮ ግራም ቢ12 ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት በ2019 20 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ባወጣው ግምገማ እንደሚለው፣ አይረን ፎሌት ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ አንሶ የሚወለደው ልጅ ወደ 12 በመቶ ይቀንሳል።

ለጎጃም ሴት ልዩነቱ ቢ12 ላይ ነው ባይ ነኝ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው፤ ጎመንም ግብጦም አይሰጡትም። የንስሐ አባት ለነፍሰ ጡር ጾሙን ሊያቀሉላት እንደሚችሉ ሁሉም ያውቃል፤ ግን "ስንቱን ጾሜ በእርግዝና ልተው?" ብላ 55ቱን ቀን የምትጾም ስንት አለች! ለእሷ ቀይዋ ክኒን ብረቱን ትሸፍናለች፣ ቢ12ቱን አትነካውም። ባለ 15ቱ ወይም ቢ12 ያለው ጠርሙስ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

አዮዲኑም ለደጋው ትርጉም አለው፤ በጎጃም ደጋ እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። ርካሹ መፍትሔ ግን አዮዲን ያለበት ጨው ነው፦ የታሸገውን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ።

ባለ 15ቱን ከጤና ጣቢያ ከሰጧችሁ ቀይዋን አትደርቡ፤ ይተካታል። ብረቱ ግን ግማሽ ስለሆነ ደም ማነስ ያለባት ሴት በራሷ መቀየር የለባትም።

ሽሮፕና ውዱ ብረት

አይረን ፖሊማልቶስ የሚባለው ከተለመደው ብረት ይወደዳል፤ ሆድ ላይ ግን ይቀላል። ቀይዋን በማታም በምግብም ሞክራ ላልሆነላት ሴት ይህንን ያለ ቅሬታ እሸጣለሁ። ሽሮፑን ግን ለክፉ ቀን አቆየዋለሁ፤ ብዙው በአንድ ማንኪያ የሚሰጠው ብረት ትንሽ ነው፣ ጠርሙሱ በጥቂት ቀን ያልቃል።

ፎሊክ አሲድ፦ 0.4 ወይስ 5?

የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራበት ዘንግ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሴት እስከዚያ መፀነሷን እንኳ አታውቅም። ለእርግዝና ክትትል በሦስተኛ ወር ሄዳ የምትጀምረው ፎሊክ አሲድ ለሌላ ነገር ይጠቅማታል እንጂ ለዚህ ዘግይቷል። ሰርጉ ለጥር ከሆነ ፎሊክ አሲዱ ቢዘገይ በታኅሣሥ ይጀመር። ለሙሽራ ከሚገዛው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ግን አይቼ አላውቅም።

ችግሩ በየመድኃኒት ቤቱ በብዛት የሚገኘው ባለ 5 ሚሊ ግራሙ መሆኑ ነው። እሱ የታሰበው ከዚህ በፊት አከርካሪው ወይም ጭንቅላቱ ያልገጠመ ልጅ ለወለደች፣ አለዚያም ሐኪም በሌላ ምክንያት ላዘዘላት ነው። ለሌላዋ የሚያስፈልጋት 0.4 ነው። ብዙ ፎሊክ አሲድ የቢ12 እጥረትን ከደም ምርመራ ሊሸሽግ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ለጾመኛ ሴት ትንሽ ነገር አይደለም። ባለ 0.4ው ለብቻው ከጠፋ አይረን ፎሌቷን መውሰድ ያው ነው።

ካልሺየም

ወተት የማታገኝ ሴት ካልሺየም መውሰዷ በእርግዝና ከሚመጣው የደም ግፊት ይከላከላታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው፤ ይህ በፍሬ ሲቆጠር ብዙ ነው፣ ኪስም ያራቁታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው በሕንድና በታንዛኒያ በየአገሩ 11,000 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ግፊቱን ለመከላከል 500 ሚሊ ግራሙ ከ1,500ው እንደማያንስ አሳይቷል። ሐኪማችሁን በዚህ አነጋግሩት። እዚህም ቁጥሩ ያታልላል፦ "ካልሺየም ካርቦኔት 1,250 ሚሊ ግራም" የሚለው ነው 500 ንጹሕ ካልሺየም የሚሰጠው። ከብረት ጋር ባንድ ጊዜ አይዋጥም፤ አንዱ ጠዋት ከምግብ ጋር፣ ሌላው ማታ።

ለጨቅላው

እዚህ ላይ የምሸጠው ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑም ደግ ነው። ጊዜውን ጠብቆ ተወልዶ ጡት የሚጠባ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ፣ ውሃም ቢሆን፣ አያስፈልገውም። የሆድ ቁርጠት ውሃ፣ የመልቲ ቫይታሚን ጠብታ፣ የምግብ ፍላጎት ሽሮፕ ቢቀሩበት አይጎዳም። ቅቤ ማላስም፣ የአብሽ ውሃ ማቅመስም እንዲሁ ይቅር፤ አያቶች ይቅር ይበሉኝ። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ግን የብረትና የቫይታሚን ዲ ጠብታ ሊያስፈልገው ይችላል፤ መጠኑ በኪሎው ስለሚሰላ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ። ሰማያዊው የቫይታሚን ኤ ካፕሱል ባለ 100,000 አይ ዩ ሲሆን ከስድስት ወር ጀምሮ የሚሰጥ ነው፤ ለጨቅላም ለነፍሰ ጡርም አይሆንም።

ሳይገዛ የሚገኘውን ግን ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ልጁ እንደተወለደ ጭኑ ላይ የሚወጋው 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ ከውስጥ መድማት ይጠብቀዋል፤ የትኛውም ጠብታ አይተካውም። ቤት የወለደች ካለች በዚያው ቀን ይዛው ትሂድ። እትብቱ ወዲያው ሳይቆረጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ሕፃኑ ለወራት የሚሆነውን ብረት ከእንግዴ ልጁ ይወስዳል፤ ይህም ምንም አያስከፍልም። እናቲቱም የአራስ ገንፎው መጣ ብላ ቀይዋን አትጣላት፤ ከወለደች በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ትቀጥል።

ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ይዛችሁ ትወጡ ይሆናል፦ አንዱ ለዓይን የሚደረገው የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ሌላው ለእትብት የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን። ጨለም ባለ ቤት በኩራዝ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የእትብቱ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይኑን ክፉኛ ይጎዳዋል። እኔ ሁለቱም ሲገጥሙኝ የእትብቱ ቱቦ አንገት ላይ ጥቁር ክር አስርበታለሁ፤ ቤታችሁ ስትደርሱም ለየብቻ አስቀምጧቸው። ቀይዋንም ትልልቆቹ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ስቀሏት፤ ከረሜላ ትመስላለች፣ እፍኝ የዋጠ ልጅ ሊሞት ይችላል። ግድግዳ ውስጥ መሸጎጧን ያልወደድኩት አንድም ለዚህ ነው።